የእትዬ ጽጌ መኪና ስንት ነበረች?

«እስቲ ይህችን መኪና ገምትልኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ሰው እሰደዋለሁ። ዘመድም ቢሆን፣ አማችም ቢሆን። ልጄ አንድ ቀን ተናዳ «አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ መኪና ስትፈታና ስትገጥም ኖረህ የአንዲት መኪና ዋጋ መናገር እንዴት ያቅትሃል?» አለችኝ። አላቃተኝም። አንድ ሰሞን ከኦሎምፒያ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ባለው ሰፈር ከእኔ በላይ መኪና የሚገምት ሰው አልነበረም። ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ፤ ስጨርስ ብትረግሙኝ አልቀየማችሁም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ ከየመንገዱ የሚታፈስበት ሰሞን። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከኦሎምፒያ ጀርባ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ስሜ በቀለ ነው፤ ሰው ግን «ሚዛኑ» ነበር የሚለኝ። መኪና ሻጭና ገዢ በዋጋ ሲከራከሩ ወደ እኔ ይመጣሉ። የራሴ ደንብ ነበረኝ። ባለቤቱም ገዢውም አይሳፈሩም፤ መኪናዋን ብቻዬን ነድቼ እመለሳለሁ። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ይጭኑና «የሚዛኑን ቃል ተቀብያለሁ» ይላሉ። እኔም አንድ ዋጋ እናገራለሁ፤ ካልኩ በኋላ አንድ ብር መጨመር፣ አንድ ብር መቀነስ የለም። ጉቦ ሊያጎርሰኝ የሞከረ ደላላ በመፍቻ አባርሬ አውቃለሁ። በዚህ እኮራ ነበር፤ ኩራቴም ልክ አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያን ስቆም እንኳ ከሌላው ምእመን አንድ እርምጃ ወደፊት የምቆም ይመስለኝ ነበር።

አባትና እናታችን ሞተው ታናሽ ወንድሜን ደረጀን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት ላምባ ግዛ ብዬ ላክሁት፤ ቆርቆሮው ብቻውን ተመለሰ። ጎረቤት መንገድ ላይ ወድቆ አግኝቶት አመጣልኝ። ደረጀን ከሌሎች አርባ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አፍሰው የቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ቆልፈውባቸዋል። ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ ወደ ማሠልጠኛ ይወስዳቸዋል ተባለ። ማታውን ለምኜ፣ ቅዳሜ ጠዋትም ለምኜ፣ ዘበኛው በሰደፍ ገፍትሮ መለሰኝ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ጋራዣችን መጣ። ጓድ ታምሩ ይባላል። ቀጭን፣ ጺሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የሚጮህ ባለሥልጣን ለምደን ስለነበር የእሱ ዝግታ ይበልጥ ያስፈራን ነበር።

«ሚዛኑ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ሰው ነው የሚለኝ፤ እኔስ በቀለ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የጽጌን መኪና ታውቃታለህ?»

እኔ ያላወቅኋትን ማን ሊያውቃት! ባለ ሁለት በር የጀርመን መኪና ናት፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቆዳ ወንበር፣ ስምንት ሲሊንደር። ጋሽ መኮንን የሚባሉ ነጋዴ ከአብዮቱ በፊት ያስመጧት ናት፤ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ከእኔ በቀር መካኒክ አልነካትም። በቦሌ መንገድ ሲለቋት ሰው ከየሱቁ ብቅ ይል ነበር። ጋሽ መኮንን ታስረው እስር ቤት ሞቱ። ትርፍ ቤታቸው ተወረሰ፣ ሱቃቸው ታሸገ። ለሚስታቸው ለእትዬ ጽጌ የቀረቻቸው መኪናዋ ብቻ ነበረች፤ ግቢያቸው ውስጥ ብርድ ልብስ አልብሰው ነበር ያስቀመጧት።

«ልገዛት ነው» አለኝ ጓድ ታምሩ። «በሥልጣኑ ዘረፈ እንዳልባል ዋጋዋን አንተ ትናገራለህ። በወረቀት፣ በፊርማ። እሷም በቀለ ያለውን እቀበላለሁ ብላለች።»

«ነገ እሑድ እመጣለሁ።»

«ዘጠኝ ሺህ ብር ትላለህ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ እኮ የጎማና የወንበሮቿ ዋጋ ነው!»

«ለዚህ አይደል ባለሙያ የፈለግሁት? አንድ ነገሯ የተበላሸ ይምሰል፤ ሰው በዓይኑ አይቶ የሚያምነው። እንዴት እንደምታደርገው አልጠይቅህም፤ ማወቅም አልፈልግም።» ሊሄድ ከተነሣ በኋላ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ ጨመረበት። «ደረጀ ወንድምህ ነው አይደል? የሱን ስም መዝገቡ ላይ በእርሳስ ነው የጻፍነው።»

በዚያች ደቂቃ መፍቻዬን አነሣሁ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። «እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር» ነው ያልኩት። አንድ የቢራ ጠርሙስ አጥቤ ውሃ ሞላሁበትና መሣሪያ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ጽጌ ቤት ደረስኩ። ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነው። ብርድ ልብሱን ገፈው፣ መኪናዋን በጨርቅ ወልውለው፣ ራሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁኝ። ሃምሳ የሚሆናቸው፣ ቀልድ የሚወዱ ሴት ነበሩ፤ ያን ሁሉ አሳልፈው እንኳ ቀልዳቸው አልተወረሰም።

«ና ሚዛኑ፤ ሙሽራዬን ልድራት ነው። ሙሽራው ባይጥመኝም።»

«ለምን ይሸጧታል፣ እትዬ? ቢታገሡስ?»

«ብታገሥ በነጻ ይወስዳታል። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤ ይህን አጥቼው መሰለህ? ግን በአንተ ዋጋ ከገዛኝ አራት የልብስ ስፌት መኪና እገዛባታለሁ። የሠፈር ሴቶችን ሰብስቤ የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ። መኪናን በመኪና መለወጥ ነው፤ ምን ነውር አለው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቁልፉን ሰጡኝና ድምፃቸውን ቀነሱ። «እሱ ስንት ሊል እንደሚፈልግ አላውቅም። አንተን ግን አውቅሃለሁ።»

ብቻዬን ነዳኋት። ከቦሌ መንገድ ወጥቼ ወደ ጎሮ አቅጣጫ ታጠፍኩ፤ ያኔ ጎሮ ከተማ አልነበረም፣ መንገዱም ዳርና ዳሩ ማሳ ነው። የእውነት እንደምገምት ሆኜ ጀመርኩ፤ የለመደ እጅ አይሰንፍም። ማርሹን በየተራ ቀያየርኩ፤ እንደ ቅቤ ነው የሚገባው። ፍሬኗን ያዝኩት፤ ወደ ጎን አልሳበችም። ቆሜ ላሜራዋን በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ ዞርኳት፤ ስቱኮ የገባበት አንድ ቦታ የለም፣ ተጋጭታ አታውቅም። ሞተሩን ከፍ ዝቅ አድርጌ ሰማሁት። አሁን ድረስ እንደዚያ ያለ ሞተር አልሰማሁም።

ታዲያ ትክክለኛ ዋጋዋ ስንት ነው? ሌላ ዘመን ቢሆን ኖሮ ሃምሳ ሺህ ያለ ጭቅጭቅ ይሰጣል። ግን ቤንዚን በኩፖን ነው የሚታደለው፤ ይህች ደግሞ ጠጪ ናት፣ የወር ድርሻዋን በሳምንት ትጨርሰዋለች። መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። እንዲህ ያለ መኪና መንዳት ደግሞ «አድሃሪ» ተብሎ ለመጠራት ራስን ማዘጋጀት ነው፤ የሚደፍር ገዢ የለም። ይህን ሁሉ ቀናንሼ፣ ጤንነቷን መልሼ ደምሬ፣ ሠላሳ ሁለት ሺህ ላይ አረፍኩ። ለእሳቸውም አይጎዳም፣ ለገዢውም አይበዛም። ልክ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ልክ የሆነ ግምት ገምቼ አላውቅም።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የዘይቱን ክዳን ፈትቼ የጠርሙሱን ውሃ ወደ ሞተሩ ዘይት ውስጥ ገለበጥኩት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የሞተሩ ራስ፣ እኛ ቴስታ የምንለው፣ ሲሰነጠቅ ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባል። ውሃና ዘይት ሲናጡ የዘይቱ ክዳን ውስጥ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ይጋገራል። መኪና የማያውቅ ሰው እንኳ አይቶ ይደነግጣል። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። ቀስ ብዬ እነዳትና ነጩ ነገር ይታያል፤ ሽያጩ እንዳለቀ ጋራዥ አስገብቼ ዘይቷን ደፍቼ በአዲስ አጥባታለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጤነኛ ትሆናለች። ውሃው ሞተሩን ከመግደሉ በፊት እንደማድናት አምኜ ነበር። እትዬ ጽጌን ማን እንደሚያድናቸው ግን አላሰብኩም።

ስመለስ ጓድ ታምሩ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ግቢ ውስጥ ቆሟል። አንደኛው ከበላይ የመጣ ሰው መሆኑ በአለባበሱ ያስታውቃል። ጓድ ታምሩ ውሉን ጽፎ፣ የቀበሌውን ማኅተም ሳይቀር በኪሱ ይዞ መጥቷል። ጓዶቹ ራቅ ብለው የግቢው በር ላይ ሲያወሩ፣ ሻጭና ገዢ እንደ ደንቡ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጫኑ። የእትዬ ጽጌ ጣት ላይ የጋብቻ ቀለበታቸው የነበረበት ቦታ ነጥቶ ይታያል፤ ቀለበቱን ሸጠውታል። «የሚዛኑን ቃል ተቀብያለሁ» አሉ።

ክዳኑን ፈትቼ አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ ቴስታው ተሰንጥቋል። ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል፤ ይኸው።»

ነጩን ነገር በጣታቸው ነክተው አሹት። «መቼ?»

«ዝም ብሎ መቆም ነው። መኪና ቆሞ ሲሰነብት ይጎዳል።»

«በየሳምንቱ አስነሣት ነበር እኮ፤ አንተ እንዳልከኝ!»

«ያጋጥማል።»

«ስንት ታወጣለች?»

ዓይናቸውን ላለማየት ጎማውን እያየሁ «ዘጠኝ ሺህ» አልኩ። ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ ዋጋ ስናገር ጎማ አይቼ አላውቅም።

«አንተ ካልክ፣ አንተ ካልክ ነው» አሉና ፈረሙ። ሊብሬውን ከጡታቸው ሥር አውጥተው ሰጡ። ስሙ የጋሽ መኮንን ነው፤ ሲያስረክቡ በአውራ ጣታቸው ስሙን ደባበሱት።

አሁን ልብ በሉ፤ የሕይወቴ ከንቱ ደቂቃ ይህች ናት።

ጓድ ታምሩ በሩን ከፍቶ ገባ። «ጓዶች፣ ግቡ! ደብረ ዘይት ዓሣ በልተን እንመጣለን» አለ። እሑድ እሑድ መኪና በተራ በሚነዳበት ዘመን እሱን የሚያስቆም ትራፊክ አልነበረም። ውሃ በገባበት ዘይት ያን ያህል መንገድ በፍጥነት ከተነዳች ሞተሯ ይቃጠላል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳትጠገን እንዳትነዷት! መጀመሪያ ጋራዥ ትግባ!»

አየኝና ጠቀሰኝ። በዓይኑ «ጎበዝ፣ ጨዋታህን በደንብ ይዘሃል» ይለኛል። የማስመስል መሰለው። ምን እንዳደረግሁ አላወቀም፤ ማወቅ አልፈልግም ብሎኝ የለ?

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብዬ በጆሮው «ዘይቱ ውስጥ የእውነት ውሃ አለ» ማለት። እትዬ ጽጌ ግን ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ያዩኛል። ከሊቀመንበሩ ጋር ስንሾካሾክ ካዩ ተመሳጥሬ እንዳታለልኳቸው ያውቃሉ። አፈርኩ። አዎ፣ አፈርኩ! ገንዘባቸውን ስወስድ ያላፈርኩ ሰውዬ ሌባ መሆኔን እንዳያውቁ አፈርኩና ዝም አልኩ። መኪናዋ እያገሣች ከግቢው ወጣች።

እትዬ ጽጌ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ቴስታዋ ለተሰነጠቀ ድምጿ ያምራል» አሉ።

ከረጢቴን አንሥቼ ወጣሁ፤ ባዶው ጠርሙስ ከመፍቻዎቹ ጋር ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ታምሩ ጋራዥ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው። መኪናዋ ሲመለሱ አቃቂ ጋ ሞተሯ ነክሶ፣ ማለትም በሙቀት ተጣብቆ ድርቅ ብሎ ቀርቶ፣ በጭነት መኪና ተጎትታ ገባች። የበላዩ ሰው መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ፣ የአካባቢው ሰው እየሳቀባቸው፣ በአውቶቡስ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። ሊቀመንበሩ ወደ ጋራዡ ጥግ ጎተተኝ።

«ምን አደረግሃት?»

ነገርኩት። ውሃውን ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። እሱ ግን ሲያስብ ቆየና «ወረቀቱን አምጣ» አለ። እሑድ «ቴስታው ተሰንጥቋል» ብዬ የጻፍኩትን የግምት ወረቀት ቀሪ ሰጠሁት፤ እሱ ዘንድ ካለው ጋር አንድ ላይ ቀደደው።

«አሁን ሌላ ትጽፋለህ። ‹በግምቱ ዕለት የመኪናዋ ሞተር ፍጹም ጤነኛ ነበር፤ ዋጋዋ ዝቅ ያለው ቤንዚን ስለምትጠጣና መለዋወጫ ስለሌላት ነው።› ፈርምበት። ከግምቱ በኋላ ውሃ የጨመረችበት እሷ ናት። ለአብዮቱ ሰው ደህና መኪና አላስረክብም ብላ። አሻጥር ነው ይህ።»

አሻጥር በዚያ ዘመን ትንሽ ቃል አልነበረችም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ! እኔን ይሰሩኝ!»

«አንተን ባስር ማን እንዳዘዘህ ትናገራለህ» አለኝ፤ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት። «ረቡዕ አዳራሽ ትመጣና ታነበዋለህ። ሐሙስ ጠዋት መኪናው ይመጣል፤ የማን ስም በእርሳስ እንደተጻፈ ታውቃለህ።»

ሁለት ቀን አልበላሁም። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ግን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ።

ነዋሪው በግዳጅ ተጠርቶ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። እትዬ ጽጌ ፊት ለፊት ለብቻቸው ቆመዋል። ከኋላዬ የመጋዘኑ በር አለ፤ ደረጀ ከዚያ ማዶ ነው። በሩ ከስስ ጣውላ የተሠራ መሆኑን አይቼ ነበር፤ ልብ ግን አላልኩትም።

ወረቀቱን አነበብኩ። «በግምቱ ዕለት የመኪናዋ ሞተር ፍጹም ጤነኛ ነበር።» እዩት እንግዲህ፤ ስለዚያች መኪና በአደባባይ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው። እሑድ ብናገረው ኖሮ አራት የስፌት መኪና ይገዛ ነበር። ረቡዕ ስናገረው ሴትየዋን አሳሰረ።

እትዬ ጽጌ አልጮኹም፣ አልማሉም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በቀለ፣ ታዲያ እሑድ ያሳየኸኝ ነጭ ነገር ምን ነበር?»

ሁለት ሦስት ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ጓድ ታምሩ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ቀስ ብሎ መታ መታ ያደርጋል። ሰውን አየሁ፣ በሩን አየሁ።

«እኔ ምንም ነገር አላሳየሁዎትም» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ የቆየ ነገር የተረጋገጠለት ሰው እንደሚነቀንቀው። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በክንዳቸው ይዘው ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷቸው። አንድ ጫማቸው ወልቆ ወለሉ ላይ ቀረ፤ የሚያነሣላቸው ሰው ጠፋ። እኔም አላነሣሁትም።

ደረጀን ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ለቀቁት። ከሲታ ሆኗል፣ ልብሱ ይሸታል። አቅፌው አለቀስኩ፤ እሱ ግን እጆቹን ዝቅ እንዳደረገ ቆመ። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ነጩ ነገር ምን ነበር?» አለኝ።

«የቱ?»

«ድምፅህን ሰምቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ኖርን፣ ከአንድ ትሪ በላን። ስለዚያ ቀን ግን እኔም አላነሣሁ፣ እሱም አላነሣ። በሦስተኛው ወር ጓድ ታምሩ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረና ሌላ ሊቀመንበር መጣ። አዲሱ ሰውዬ እኔን አያውቀኝም፤ የሚፈልገው መኪናም አልነበረውም። በሌላ አፈሳ ደረጀን ከጋራዣችን በር ላይ ወሰዱት። የዚህን ጊዜ ስሙን በእስክሪብቶ ጻፉት። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሦስት ወር ነበር የገዛሁለት።

እትዬ ጽጌ በስምንተኛው ወር ተፈቱ። አንድ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆመው አየኋቸው፤ ፀጉራቸው ነጥቶ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምተው። ይረግሙኛል፣ ይተፉብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ ቢተፉብኝ ይሻለኝ ነበር። ከመሐረባቸው ቋጠሮ ውስጥ አንድ ቁልፍ አውጥተው ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ትርፍ ቁልፏ ናት። ያን እሑድ መስጠቱን ረስቼው ነው። ለገዛት ሰው አድርስልኝ፤ የሰው ንብረት ቤቴ ውስጥ አላስቀምጥም።»

መኪናዋ ያኔ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ጎማዋ ተንፍሶ ቆማ፣ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት ነበር። ይህንንም ያውቃሉ፤ በየቀኑ በመስኮት ሲያይዋት ነው የከረሙት።

«ወንድምህ ወጣ?» አሉኝ። እስር ቤት ውስጥ ሰው ነግሯቸው ኖሯል።

«ወጣ። ደግሞ ወሰዱት።»

«እግዚአብሔር ይመልስልህ» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ሊሄዱ ዞር ብለው ቆሙ። «በቀለ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። አሁን ለማንም አይጠቅምም፤ ለራሴ ነው። ስንት ነበረች?»

ጎማ አላየሁም። ዓይናቸውን አየሁ። «ሠላሳ ሁለት ሺህ» አልኳቸው።

«እኔም ሠላሳ ብዬ ነበር» አሉ። «ሁለቱን አላሰብኳትም ነበር» ብለው ሄዱ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ «ወንድምህን ለማዳን ነው፣ ማንም ያደርገው ነበር» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሚስቴም እንደዚያ ትለኛለች። ለዘጠኙ ሺህ እኔም ራሴን ይቅር ብዬው ይሆናል፤ ሰው ወንድሙን ከጥፍር ሊያላቅቅ ይዋሻል። ያቃተኝ ሌላው ነው። በመኪናዋ መስኮት ጎንበስ ብዬ አንዲት ነገር ብናገር ኖሮ ሞተሩ አይነክስም፣ አሻጥር የሚባል ነገር አይመጣም፣ እትዬ ጽጌም ድሃ ሆነው ግን ቤታቸው ውስጥ ይውሉ ነበር። ያን ጊዜ ማንም አላስገደደኝም፣ ለዚያ ዝምታዬ ብሎ የማንንም ስም በእርሳስ የጻፈ የለም። እሳቸውን የቀበርኳቸው በፍርሃት አይደለም፤ እንደ ቅን ሰው እያዩኝ እንዲቀጥሉ ስለፈለግሁ ነው። ስለ ቅንነቱ ሲነገርለት ደስ የሚለው ሰው ስታዩ እኔ ትዝ ልበላችሁ።

ከዚያ ወዲህ መኪና እጠግናለሁ እንጂ አልገምትም። ቁልፉን ለገዛት ሰው አላደረስኩም፤ ሰውዬው ከተዛወረ ወዲያ የት እንደገባ አላውቅም። ለእትዬ ጽጌ ልመልስ ብዬ ሁለት ጊዜ ከቤታቸው በር ደርሻለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ከውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንድ ብቻ፣ አሮጌ፣ ዘይት የሚያስፈልገው። ቆሜ አዳመጥኩትና ሳላንኳኳ ተመለስኩ።